የተሰበረው የማን በር ነው?

ቤት ወይም ሱቅ ሰብሮ የሚሰርቀውን ሰው አማርኛ «ሰርሳሪ» ይለዋል። ቃሉ የጭቃ ግድግዳ ትዝታ አለበት። በጭቃ ቤት ዘመን ሌባ ከበር ጋር ትግል አይገጥምም ነበር፤ በጓሮ በኩል ዞሮ፣ ዝናብ ያራሰውን ምርጊት በሹል ብረት እየፋቀ፣ ማገሩን እየነቀለ፣ አንድ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ይከፍት ነበር። ዛሬ ግድግዳው ብሎኬት፣ በሩ ላሜራ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኗል፤ ሰርሳሪውም ከምርጊቱ ወደ ቆርቆሮው ወጥቷል። ቃሉ ግን እንዳለ ቀርቷል፤ መቅረቱም ተገቢ ነው። ኪስ አውላቂ የሚሰርቀው ከሰው ገላ ላይ ነው፤ አታላይ የሚሰርቀው ከሰው የዋህነት ነው፤ ሰርሳሪ ግን የሚሰርቀው ከተዘጋ ነገር ውስጥ ነው። የተዘጋ በር ደግሞ እንጨትና ብረት ብቻ አይደለም። ማታ ሱቁን ቆልፎ ወደ ቤቱ የሚያመራ ሰው ለጎረቤቱ፣ ለመንገደኛው፣ ለከተማው ሁሉ ሳይናገር የሚናገረው ነገር አለ፤ «ልተኛ ነው፤ ያለኝን በእናንተ መካከል ትቼዋለሁ» ይላል።

እንግዲህ ያ በር ሲሰበር የተበደለው ማን ነው? ባለንብረቱ ብቻ ነው ከተባለ፣ ነገሩ በእርሱ፣ በሌባውና በፖሊስ መካከል ያልቃል፤ ሌላው ሰው ሲነጋ መጥቶ ከንፈሩን መጥጦ ወደ ሥራው ይሄዳል። ቃሉ የተነገራቸው ሁሉ ተበድለዋል ከተባለ ግን ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ ያልሰረቀ ሰው ስለ ስርቆቱ ምን ዕዳ አለበት? ጥያቄው ለመርማሪ የተተወ ይመስላል እንጂ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ሱቅን ከስርቆት የመጠበቁ ሸክም በማን ጫንቃ ላይ መዋል እንዳለበት የሚወስነውም ለዚሁ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው።

ጥያቄውን በአየር ላይ ከማንሳፈፍ ቡልቡላ ላይ ቢያሳርፉት ይሻላል። ቡልቡላ ከሞጆ ተነሥቶ በመቂና በባቱ (በቀድሞ ስሟ ዝዋይ) አድርጎ ወደ ሻሸመኔ በሚወርደው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት። ስሟን የምትጋራው ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ወደ አብያታ ይፈስሳል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡልቡላ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም የከተማዪቱን ስም ከአካባቢው አልፎ በሀገር ደረጃ አስጠርቶታል። በእንዲህ ያለች ከተማ ሱቅ የሚቆመው ፊቱን ወደ ጎዳናው አዙሮ ነው፤ ገበያው ከዚያ ይመጣልና። ሥጋቱም የሚመጣው ከዚያው ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከመደርደሪያ የወረደ የዘይት ጀሪካን፣ የጭነት መኪና እስካገኘ ድረስ፣ ሳይነጋ ሻሸመኔ ወይም ሞጆ ይደርሳል፤ እዚያ ደግሞ ጀሪካኑን ከጀሪካን የሚለይ የለም። ባላገር ከባላገር የሚሰርቀው በሬ ቀለምና ቀንድ አለው፤ ዱካውም ይከተሉታል። የፋብሪካ ዕቃ ግን ሁሉም መንታ ነው፤ ለሌባ የተመቸውም በዚሁ ነው።

የባለሱቁን ማንነት በትክክል ማየት ያስፈልጋል። በአንድ ወቅት የፖለቲካ ቋንቋ «ንዑስ ከበርቴ» የሚል ስም ሰጥቶት ነበር። በመድረክ ላይም ሲወጣ ሚዛን የሚያጭበረብር፣ ጨው ደብቆ ዋጋ የሚያስወድድ፣ ሆዱ የገፋ ሰው ተደርጎ መሳሉ እየተለመደ ሄደ፤ ተመልካችን ቶሎ የሚያስቅ ሰው ስለሆነ ደራሲያን ወደዱት። ትንሽ ፍርደ ገምድልነት ነበረበት። የአነስተኛ ከተማ ባለሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለው ስኳር፣ ሳሙና፣ ሩዝና ባትሪ ብዙውን ጊዜ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ገሚሱ የጅምላ ነጋዴው ዱቤ ነው፤ ገሚሱ ከእቁብ የወጣ ገንዘብ ነው። ለምሳሌ ያህል ከመቶ ብር ሽያጭ ዐሥር ብር የሚያተርፍ ባለሱቅ በአንድ ሌሊት የ40,000 ብር ዕቃ ተወሰደበት እንበል። የጠፋውን ለመተካት የ400,000 ብር ዕቃ መሸጥ አለበት፤ ያውም ከትርፉ አንዲት ሳንቲም ሳይበላ፣ ኪራይ ሳይከፍል፣ የልጆቹን ደብተር ሳይገዛ። በዚህ መካከል የእቁቡ ቀን አይጠብቀውም። ዕጣው ቀድሞ ደርሶት ከሆነ በየሳምንቱ መክፈል አለበት፤ መክፈል ካቃተው ዋሶቹ ይያዛሉ። ሌባው ከአንድ ሱቅ የሰረቀ ይመስለዋል፤ እጁ የገባው ግን በማያውቃቸው የሃያና የሠላሳ ሰዎች መቀነት ውስጥ ነው።

ከዕቃው ይልቅ የሚያመዝን ሌላ ጥፋትም አለ። በየሱቁ ከባንኮኒው በታች ጫፉ የተጣጠፈ አንድ ደብተር ይገኛል። ደመወዙ ከማለቁ ወሩ የረዘመበት መምህር፣ የቀን ሥራ ያጣ ሠራተኛ፣ ሕፃን ታምሞባት ገንዘቧን ለመድኃኒት ያወጣች እናት ስማቸው እዚያ ተጽፏል። ይህ ደብተር ወለድ የለውም፤ መያዣ አይጠይቅም፤ ማስያዣው ሰውየው ፊቱን በዚያው ጎዳና ላይ ማሳየቱ ብቻ ነው። ባንክ የማያውቃቸው ሰዎች ብድር የሚያገኙት ከዚህ ነው። ሱቁ በተሰበረ ማግሥት መጀመሪያ የሚዘጋውም ይኸው ደብተር ነው። «ዱቤ ዛሬ የለም፤ ነገ» የሚለው ጽሑፍ በካርቶን ላይ ተጽፎ ይሰቀላል። አንዳንዱ ደንበኛ ፈገግ ብሎ ያልፋል፤ ያች እናት ግን ፈገግ አትልም። በዚህ ዓይነት የ40,000 ብሩ ስርቆት ከባለሱቁ ተነሥቶ ወደ ታች፣ ከእርሱ ወደሚደኸዩት ይወርዳል። ፍርግርግ ብረት ለማሠራት የወጣው ወጪም በሳሙናው ዋጋ ላይ ጥቂት በጥቂት ተጨምሮ እንዲሁ ወደ ታች ይወርዳል።

ይህንን መውረድ ከማንም በተሻለ ያሳየው የኢጣሊያዊው የቪቶሪዮ ዴ ሲካ ፊልም ይመስላል። በ1948 እ.ኤ.አ. የተሠራው «የብስክሌት ሌቦች» የሚናገረው ሥራ ፈትቶ የኖረ፣ በሮም ግድግዳዎች ላይ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ስላገኘ ሰው ነው። ሥራው ብስክሌት ይጠይቃል፤ ብስክሌቱ በመያዣ ተይዟል፤ ሚስቱ የአልጋ አንሶላዋን አስይዛ ታስፈታዋለች። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ብስክሌቱ ይሰረቃል። ሰውየው ትንሽ ልጁን አስከትሎ ሲፈልግ በሰልባጅ ገበያ ውስጥ የሚያየው ብስክሌት ሳይሆን የብስክሌት ብልት ነው፤ ጎማው ለብቻ፣ ደወሉ ለብቻ፣ መንበሩ ለብቻ ተዘርግቶ ይሸጣል። በመጨረሻ እርሱ ራሱ የሌላ ሰው ብስክሌት ይሰርቃል፤ ይያዛልም፤ በልጁ ፊት ይዋረዳል። ዴ ሲካ ሌባውን አላሞገሰም፤ ድህነትንም እንደ ይቅርታ ወረቀት አላቀረበም። ያሳየው አንድ ስርቆት ሌላውን እንዴት እንደሚወልድ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ምንም ሳይጠይቅ የሚሸጥና የሚገዛ ሰፊ ገበያ ተዘርግቶ እንዳለ ነው። ከፊልሙ ውስጥ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው ያ ገበያ ነው፤ ወደ እርሱ ይመለሱበታል።

ያልሰረቀ ሰው ዕዳ አለበት ወይስ የለበትም ለሚለው ጥያቄ የዚህ ሀገር ሰው ቀደም ባለው ዘመን ቁርጥ ያለ መልስ ነበረው። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ በሚባለው ሥርዓት፣ አንድ ቤት ሲሰረቅ ወይም ሲቃጠል የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። አጥፊው እስኪታወቅ ድረስ ሥራ ፈትቶ ይውላል፤ ካልታወቀም የጠፋውን በጋራ ይከፍላል። ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በ1960ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ባሳተመው «አፈርሳታ» በተባለው ልቦለዱ ይህን ሥርዓት ከነጉባኤው፣ ከነሐሜቱና ከነመሰላቸቱ አሳይቶታል። አፈርሳታ የቆመበት ሐሳብ ከባድ ነው፤ በመካከላችሁ የኖረውን ሌባ ሳታውቁት አልቀራችሁም፤ አላወቃችሁትም ከሆነ ደግሞ አለማወቃችሁ ራሱ ጥፋት ነው ይላል። የአሠራሩ ክፋት ግን ከሐሳቡ ክብደት አላነሰም። ማሳው አረም የዋጠበት ንጹሕ ገበሬ ከሌባው እኩል ይቀጣል። ለመገላገል ሲባል ዘመድ የሌለው፣ አንደበት የሌለው፣ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ስም ይጠራል። ከዚህም የከፋው ሌባሻይ ነበር። አደንዛዥ መጠጥ የጠጣ ልጅ በገመድ ተይዞ መንደር ለመንደር ይሮጣል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ይህ ልማድ ከጊዜ በኋላ በመንግሥት ተከልክሏል፤ መከልከሉም ጥሩ ሆነ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ቅጣት ግላዊ ነው ሲል፣ ዛሬ የሚሠራው የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በ20ኛው አንቀጽ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቈጠር ሲደነግግ፣ ሕጉ ከመንጋ ፍርድ ወደ ሰው ፍርድ ተሻግሯል።

ሆኖም በመሻገሩ ላይ አንድ ነገር ወንዙ ውስጥ ወድቆ ቀርቷል። ሕጉ «ያልሰረቀ አይቀጣም» ያለውን ብዙ ሰው «ያልሰረቀ አይመለከተውም» ብሎ ተረጐመው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የፍትሕ ቃል ነው፤ ሁለተኛው የስንፍና።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ቀበሌ ሲቋቋም ይህ የወደቀው ነገር በሌላ መልክ የተነሣ መስሎ ነበር። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተደራጁ፤ የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ተሰየመ፤ አብዮት ጥበቃ ሌሊቱን ተረከበ። በሰዓት እላፊው ዘመን ሰርሳሪ እንደ ልቡ መውጣት አልቻለም ይባላል፤ ንጹሑ ሰውም አልቻለም። ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲያይ የተሰጠው ዐይን ከሌባው አልፎ የመጽሐፍ መደርደሪያን፣ የሌሊት እንግዳን፣ የሹክሹክታ ወሬን ማየት ጀመረ። የዚያ ዘመን ቁስል እስከ ዛሬ ድረስ «ለጋራ ጥበቃ እንደራጅ» የሚለውን ጥሪ በጥርጣሬ እንዲሰማ አድርጎታል። ጥርጣሬው ምክንያት አለው። ነገር ግን ሌሊቱን ማንም የማይጠብቀው ከሆነ የሚጠቀመው ማን እንደሆነ የታወቀ ነው።

በሥራ ላይ ያለው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ስርቆትን በ665ኛው አንቀጽ፣ ከባድ ስርቆትን በ669ኛው አንቀጽ ይቀጣል። በ682ኛው አንቀጽ ደግሞ ከወንጀል የተገኘን ዕቃ የሚቀበለውንና የሚገዛውን ሰው ይቀጣል። ለሥነ ምግባሩ ጥያቄ ቁልፉ ያለው በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው። ሰርሳሪ ዐሥራ ሁለት ጀሪካን ዘይት ለመብላት አይሰርቅም፤ ሃያ የእጅ ስልክ የሚደውልለት ዘመድም የለውም። ገና ፌሮ ይዞ ወደ ጨለማው ሲወጣ ገዥውን በልቡ ይዞ ነው የሚወጣው። ገዥውም ፊቱን የሸፈነ ሽፍታ አይደለም፤ የ1,000 ብሩን ዕቃ በ600 ሲያቀርቡለት «ከየት አመጣኸው?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «500 አይሆንም?» የሚል ጨዋ ሰው ነው፤ ምናልባት ከሳምንት በፊት ራሱ የተሰረቀ ባለሱቅ ነው። ከጉዳቱ ያገገምኩ መስሎት ሌላውን ይጎዳል። በዚህ ቦታ ላይ ዴ ሲካ ያሳየው ገበያ ሮም ውስጥ ብቻ አለመሆኑ ግልጽ ይሆናል። ያልሰረቀ ሰው ዕዳ አለበት ወይ ለሚለው መልሱ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ አውቆ የገዛ ዕዳው የሕግ ነው፤ ማወቅ ሲችል ላለማወቅ የመረጠም የሌሊቱ ተካፋይ ነው። ኦሮሞ «ሰፉ» በሚለው ቃል የሚጠራው፣ ማንም ሳያይ ሰው ራሱን የሚገታበት የነውርና የክብር ሚዛን፣ ከመደርደሪያው ይልቅ የሚያስፈልገው በዚህች የዋጋ ክርክር ደቂቃ ላይ ነው።

ድህነትስ? ይህን ጥያቄ መዝለል አይቻልም። ወጣቱ ካርል ማርክስ በ1842 እ.ኤ.አ. በጋዜጣ ላይ ከጻፋቸው ጽሑፎች አንዱ ድሆች ከጫካ የወደቀ ጭራሮ መልቀማቸውን ስርቆት ያደረገውን ሕግ የሚነቅፍ ነበር። በእስልምና ታሪክም ኸሊፋ ዑመር በረሃቡ ዓመት በሌባ ላይ የሚወርደውን የእጅ መቁረጥ ቅጣት እንዳገዱ ይነገራል። ኦሪት ዘጸአት ደግሞ በ22ኛው ምዕራፍ ሌሊት ሲሰረስር የተገኘን ሌባ የገደለ የደም ዕዳ እንደሌለበት፣ ፀሐይ ከወጣችበት በኋላ ከሆነ ግን ዕዳ እንዳለበት ይለያል። ፊቱ ሲታይ ሌባውም ሰው ነው፤ ነፍሱም ከዕቃው ትበልጣለች ማለት ነው። ሦስቱም በተለያየ ቋንቋ ሌባውን ከስርቆቱ በፊት የነበረበትን ኑሮ ሳያዩ መፍረድ እንደማይገባ ያሳስባሉ። ይህ እውነት ነው። የማይገባው ከዚህ ተነሥቶ ሰርሳሪን የድሆች ተበቃይ አድርጎ መሳል ነው። ሰርሳሪ ካዝናው በሲሚንቶ የተቀበረለትን፣ ሦስት ዘበኛ ያቆመውን ባለጸጋ አይደፍርም፤ የሚደፍረው በአንድ ጓጉንቸር የሚተማመነውን ነው። ድሃ ከድሃ ሲሰርቅ መደብ አይለወጥም፤ ዱቤ ብቻ ይዘጋል።

«ሌባ ተይዞ ዱላ አይጠየቅም» የሚለው ብሂልም ለዚህ ሲጠቀስ ይሰማል። ተረትና ምሳሌ ሁሉ ጥበብ አይደለም። የተያዘን ሌባ ለመደብደብ የሚሰበሰበው ሕዝብ ከስርቆቱ በፊት አልተሰበሰበም፤ ዱላውም ገዥውን አይነካም። በዚያ ላይ በጨለማ የተያዘ ሁሉ ሌባ አይደለም፤ የሞተን ሰው ደግሞ ዕቃውን ለማን እንደሸጠ መጠየቅ አይቻልም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ዘበኛው ነው። ካፖርቱን ደርቦ፣ ዱላውን ታቅፎ፣ በሌላ ሰው ሀብት ደጃፍ ላይ የሚያነጋው ሽማግሌ በሚጠብቀው ሱቅ ውስጥ ካለው ዕቃ አብዛኛውን መግዛት አይችልም። ሦስትና አራት ባለሱቆች ተዋጥተው ይቀጥሩታል፤ አንዱ መዋጮውን ሲያዘገይ የእርሱ እራት ይዘገያል። ብርድ ሲጠናበት ወይም ሲያመው የሚተካው የለም፤ ፊሽካ እንኳ የማይሰጡት አሉ። በር በተሰበረ ጊዜ ግን «የት ነበርህ?» የሚባለው እርሱ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የሱቁ ሻጭ ልጅ፣ ከዚያም ሥራ ፍለጋ ሰሞኑን የመጣው እንግዳ ይጠረጠራል። ጥርጣሬ እንደ ውኃ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ነው። ሕጉ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል፤ ነገር ግን በትንሽ ከተማ ለአርባ ስምንት ሰዓት ሌባ የተባለ ሰው ስም በነጻ መለቀቅ ብቻ አይጠራም። አፈርሳታ በሕግ ቢሻርም በሐሜት እንዳለ ነው።

ጥበቃው እንዴት ይሁን ለሚለው ከሩቅ ሀገር የመጣ አንድ ምሳሌ አለ። በእንግሊዝ ሀገር በሮችዴል ከተማ ከርክሆልት በሚባል የሠራተኞች መኖሪያ መንደር በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የቤት ሰርሳሪ ነዋሪውን አስመርሮት ነበር። ያጠኑት ባለሙያዎች ሁለት ነገር አስተዋሉ። አንደኛ፣ ሌባው ሲገባ ከሚወስደው ነገር አንዱ በየቤቱ ባለው የጋዝና የመብራት ቈጣሪ ውስጥ የሚጠራቀመው ሳንቲም ነበር። ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ የተሰረቀ ቤት ካልተሰረቀው ይልቅ በቅርቡ እንደገና ይሰረቅ ነበር፤ ሌባው መግቢያውን ያውቀዋል፤ የተወሰደው ዕቃ እንደሚተካም ያውቃል። ስለዚህ የሳንቲም ቈጣሪዎቹ ተነሡ፤ የተሰረቀው ቤት በሩና መስኮቱ ወዲያው እንዲጠናከር ተደረገ፤ በዙሪያው ያሉ ስድስት ያህል ቤቶች ደግሞ ያንን አንድ ቤት ለይተው እንዲያዩ ተስማሙ። በሦስት ዓመት ውስጥ ስርቆቱ በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ። ማንም የማንንም ሹክሹክታ አላዳመጠም፤ የታየው በር ብቻ ነበር። በዚህ ውስጥ የአፈርሳታ ጥሩው ግማሽ አለ፤ መጥፎው ግማሽ የለም።

ይህ ለሱቅ ሲተረጐም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የሳንቲሙ ቈጣሪ በሱቅ ውስጥ የሚያድረው የዕለት ሽያጭ ነው። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ቴሌብርን የመሰለው የስልክ ክፍያ ዋና ጥቅሙ ፍጥነቱ ነው ይባላል፤ ለአነስተኛ ባለሱቅ ግን ትልቁ ጥቅሙ መሳቢያው ባዶ ማደሩ ነው። ባዶነቱም መታወቅ አለበት፤ ማታ መሳቢያውን ከፍቶ ወደ ውጭ የሚያሳይ ባለሱቅ ሌባውን ከድካም ያሳርፈዋል። ጓጉንቸሩን ከመግዛት በፊት የሚንጠለጠልበትን ማጠፊያ ማየት ይሻላል፤ በምስማር የተመታ ማጠፊያ ከፌሮ ጋር አይከራከርም፤ በሩን ዘልቆ በውስጥ በኩል በብሎን የታሰረ ግን ይከራከራል። ጣሪያው በቆርቆሮ ብቻ ከሆነ ከኮርኒሱ በላይ ፍርግርግ ያስፈልገዋል፤ ብዙ ሰው በሩን በሦስት ቁልፍ ዘግቶ ሰማዩን ክፍት ይተወዋል። የስልኩ፣ የቴሌቪዥኑ፣ የሚዛኑ ቁጥር ተጽፎ ከሱቁ ውጭ መቀመጥ አለበት፤ ቁጥር ያለው ዕቃ እንደ ባላገሩ በሬ ቀለምና ቀንድ ያበቅላል፤ ገዥውንም «አላወቅሁም» ከማለት ይከለክለዋል። የተሰበረ ሱቅ በዚያው ሳምንት ይጠገን፤ ግራና ቀኙ፣ ፊት ለፊቱም ያሉት ለጥቂት ወራት ዐይናቸውን አይንቀሉበት። ዘበኛው በስም ሳይሆን በእውነት የጋራ ይሁን፤ ደመወዙም ከአንድ ሰው ኪስ ሳይሆን እንደ እድር መዋጮ ከአንድ ሣጥን ይውጣ። እድር ሞትን ለመሸከም ያስተማረውን ሥርዓት ለሌሊት ጥበቃ ማዋል የሚያሳፍር አይደለም።

ጄን ጄኮብስ የምትባል ጸሐፊ በ1961 እ.ኤ.አ. ስለ አሜሪካ ከተሞች ባሳተመችው መጽሐፍ መንገድን ደኅና አድርጎ የሚጠብቀው በመጀመሪያ ፖሊስ ሳይሆን መንገዱን ዘወትር የሚያይ ሰው ነው ስትል፣ ከእነዚያ ዐይኖች መካከል ባለሱቅን አስቀድማለች። ለቡልቡላ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ጉሊት ላይ የተቀመጠች ሴት የመጣውንና የሄደውን ታውቃለች፤ አምሽቶ የሚዘጋ ሱቅ አምፖል የመንገድ መብራት ነው። ታዲያ ተሰርቆ የተዘጋ ሱቅ አንድ የጠፋ መብራትና ሁለት የጠፉ ዐይኖች ነው፤ ለሚቀጥለው ሌሊት ሰርሳሪው አንድ ምስክር ቀንሷል። በሌላ በኩል ደግሞ ጥበቃ ሁሉ ወሰን አለው። አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ በሻሸመኔ ሱቅና ሆቴል ሲዘረፍና ሲቃጠል በር ያዳነው ነገር አልነበረም። ጓጉንቸር የተሠራው ከአንድ ሌባ ለመጠበቅ እንጂ ከተነሣ ሕዝብ ለመጠበቅ አይደለም፤ ያ ሌላ ጽሑፍ ይጠይቃል።

መድንም አለ። የኢትዮጵያ መድን ድርጅትና ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ የተቋቋሙት የግል ኩባንያዎች የንብረት ዋስትና ይሸጣሉ። ነገር ግን የሰርሳሪ ዋስትና በዓለም ሁሉ የተለመደ ጠባይ አለው፤ በጉልበት የተሰበረ ነገር ምልክት እንዲታይ ይጠይቃል። ቁልፍ አስቀርጾ የገባ ሌባ ምልክት አይተውም። ከሁሉም በላይ መድን የዘይቱን ዋጋ ይመልስ ይሆናል እንጂ የዱቤውን ደብተር አይመልስም።

ስለ ደብተሩ አንድ ነገር ቀርቷል። ሰርሳሪ በችኮላ መሳቢያውን ሲገለብጥ፣ ወይም ዕቃውን የሚጠቀልልበት ወረቀት ሲፈልግ፣ ደብተሩ ከዕቃው ጋር የሚሄድበት ጊዜ አለ። ለእርሱ የማይጠቅም ወረቀት ነው፤ ገደል ይጥለዋል። ሲነጋ ባለሱቁ በተገነጠለው ቆርቆሮ ስር ቆሞ ማን ስንት እንዳለበት በቃሉ ለማስታወስ ይሞክራል፤ ግማሹን አያስታውስም። በዚያው ጧት ሊያዩት ከሚመጡት ሰዎች መካከል ስማቸው እዚያ ደብተር ውስጥ የነበረ አሉ፤ ደብተሩ መጥፋቱንም ሰምተዋል። ከመካከላቸው አንዱ እንደ ሌላው ሁሉ «አይዞህ» ብሎ ይሄዳል። ሌላዋ ሰዉ እስኪበተን ጠብቃ ወደ ባንኮኒው ጠጋ ትልና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የሁለት ሊትር ዘይትና የአምስት ኪሎ ስኳር እንዳለባት፣ ለጊዜው ግን እንደሌላት፣ ቢሆንም አዲስ ደብተር ሲገዛ መጀመሪያ የእርሷን ስም እንዲጽፍ ትነግረዋለች።